ጉድጓዱን የዘጋው እጅ

የተያዝኩት በአንዲት ፊደል ነው። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በተበተነ ፀረ ደርግ ወረቀት ላይ «በ» አንድ እግሯ ደብዝዞ ወጥቷል፤ የምጽፍባት የፍርድ ቤቱ የጽሕፈት መኪናም «በ»ን እንዲሁ አደብዝዛ ትመታ ነበር። መኪናዋን ሦስት ሰዎች እንጠቀምባታለን። አንዱ የካድሬ ዘመድ፣ አንዷ ነፍሰ ጡር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። መርማሪው ይህንን ሲያስረዳኝ ከባድ ሒሳብ እንደ ፈታ ተማሪ ደስ ብሎት ነበር።

ያስገቡኝ ከነጋዴ የተወረሰ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው። በርበሬው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ከወለሉ ስንጥቅ አልወጣም። አዲስ ሰው ሲገባ ነባሮቹ እስኪያስነጥስ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፤ ሌላ ጨዋታ አልነበራቸውም። እኔም እያስነጠስኩ ቦታ ስፈልግ በኔ ዕድሜ ያለ አንድ ገበሬ እግሩን ሰብስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ወንጀለኛና ፖለቲከኛ የሚለይበት ክፍል ስላልነበረ በምን እንደ ታሰረ ጠየቅሁት። በሀዲይኛ መለሰልኝ። ማዶ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ወንጌላዊ ተረጎሙልኝ፤ እሳቸው የታሰሩት ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ በኋላ ሰው በቤታቸው ሰብስበው በመጸለያቸው ነው።

«የወንድሙን ልጅ ገድሏል ተብሎ ነው» አሉኝ።

ከፎንቆ አካባቢ መሆኑን ስሰማ ማንነቱ ገባኝ። መዝገቡን አውቀዋለሁ። የሰጠውን ቃል በንጹሕ ወረቀት የተየብኩት እኔ ነኝ። በሬ ከአራጁ ይውላል የሚባለው ይሄ ነው፤ በሬው ቦታ ለቆልኛል።

መዝገቡ እንዲህ ይላል። ሰባት ዓመት የሚሆናት ወላጅ አልባ ልጅ ከአጎቷ ቤት ጠፋች። በአራተኛው ቀን ሚስቱና የጎረቤት ሴቶች ቆጮ ሊያወጡ፣ የተፋቀ እንሰት እንዲብላላ የሚቀበርበትን የጓሮ ጉድጓድ ሲከፍቱ ልጅቷ ከውስጥ ተገኘች። ታንቃ ነው የሞተችው። አጎቷ ከአባቷ የቀረላትን መሬት ፈልጎ እንደ ገደላት ተጽፏል፤ «በገዛ እጄ ጉድጓዱን ከፍቼ ቀበርኋት፣ እንደ ነበረም ዘጋሁት» ብሏል። ስተይበው አምኜው ነበር። እንዲያውም አረፍተ ነገሩ አላምር ብሎኝ አቃንቼለታለሁ።

ሰውዬው ግን ያን ሁሉ አማርኛ አያውቅም። ቃልህ ነው ፈርም ሲሉት በአውራ ጣቱ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘሁ። መዝገቡን ገጽ በገጽ ከጭንቅላቴ እያወጣሁ፣ ወንጌላዊው እየተረጎሙ፣ ሦስታችን መመርመር ጀመርን። ነገሩ አልያዝ አለን። ልጅቷ በጠፋችበት ቀን ገበያ ነበርኩ ይላል፤ ማን አየህ ስለው ሁሉም ሰው ይላል። ሁሉም ሰው ማለት ለፍርድ ቤት ማንም ማለት ነው። የታነቀችበት ገመድ የቃጫ ነው፤ ቃጫ የሌለው ቤት ደግሞ በዚያ አገር የለም። አንዳንዴ ንዴቴ ወደ ራሱ ወደ ገበሬው ይዞር ነበር፤ ለምን የሚጠቅመውን ነገር አያስታውስም እያልኩ።

በሦስተኛው ቀን ስለ ጉድጓዱ የተጻፈውን ነገርኳቸው። የኮባው ቅጠል ተደራርቦ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ድንጋዩ በላዩ ተደርድሮ ነበር። ሴቶቹ ሦስት ቀን በአጠገቡ ሲመላለሱ መነካቱን አላወቁም። ወንጌላዊው መተርጎማቸውን አቁመው አዩኝ።

«ይሄንን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ስትጽፈው አንብበኸዋል?»

ሆሳዕና ተወልጄ፣ ቆጮ እየበላሁ አድጌ፣ ጉድጓዱን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ እኛ ቤት ቆጮ ከገበያ ይገዛል። እንሰት መትከል የወንድ፣ መፋቅና መቅበር የሴት መሆኑን፣ ወንድ እጁን ወደዚያ ጉድጓድ እንደማይሰድ፣ ቢሰድ እንኳ ቅጠሉን እንደ ሴቶቹ ማጠፍ እንደማይችልበት የሰማሁት እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። መርማሪውም ዳኛውም እንደኔው ነበሩ። ማስረጃው በሦስታችን እጅ አለፈ፤ አንዳችንም አላየነውም።

ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ከሲጋራ ፓኮ ነጩን ወረቀት ገንጥዬ በእርሳስ ቁራጭ ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ጀመርኩ፤ ጉድጓዱን የዘጋው እጅ የሴት እጅ ነው ብዬ። በዚያው ግለት በቤቱ ስንት ሴት እንዳለች ጠየቅሁት።

ገበሬው ወለሉን በጥፍሩ እየጫረ «አንድ» አለ። በቤቱ ያለችው ሴት ሚስቱ ብቻ ናት።

«ሴት ያልከውን አውጣ» አለኝ፣ ራሱ በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ። «አልገደልኩም ብለህ ጻፍ። ይበቃል።»

ተናደድኩ። ያንን ካወጣሁት ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ይገድሉሃል አልኩት። ሚስትህን ትጠረጥራታለህ ወይ ብዬም ጠየቅሁት፤ ዛሬ የማፍርበት ጥያቄ ነው። ለወንጌላዊው ብዙ ተናገረ። እሳቸው ቀስ ብለው ተረጎሙ።

«በመንደሩ ያለች ሴት ሁሉ ጉድጓድ መዝጋት ትችላለች ይልሃል። እኔን ያመጣኝ ግምት ነው፣ አንተንም ያመጣህ ግምት ነው። በግምት ሌላ ሰው አታምጣ ይልሃል።»

በአንዲት ፊደል መያዜን የነገርኩት እኔው ነኝ። ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ቁራጭ ላይ «አልገደልኩም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረመ። መልስ አልመጣም።

በማግስቱ ሚስቱ ከፎንቆ በእግሯ መጥታ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ አስገባች። ጠባቂው በእንጨት ወግቶ ፈትሾታል። እስከዚያ ቀን ድረስ እሷ ካመጣችው ሦስታችንም እንበላ ነበር። ያን ቀን እጄ አልዘረጋ አለኝ። ገበሬው አየኝ፤ ምክንያቴም ገባው። አልተቆጣም። ቆረሰና ቀድሞ ራሱ ጎረሰ፣ አላምጦ ዋጠ፣ ከዚያ የኔን ድርሻ ዘረጋልኝ። ወንጌላዊው አንገታቸውን ደፉ። ተቀብዬ በላሁ።

ከሳምንት በኋላ ስሙን ጠርተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ደርግ ከወደቀ በኋላ መዝገቡን ፈልጌ አገኘሁት፤ የውሳኔው ገጽ የለበትም። የልጅቷ ስም አንድ ቦታ ብቻ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ በየገጹ «ሟች» ናት፣ በኔው ትየባ።

የልጅቷ ገዳይ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንዳንድ ቀን ያንን ሰው በሐሳቤ እቆጣዋለሁ፤ የልጅቷን ደም ለማን ተውከው እለዋለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ከሁላችን የተሻለ ዳኛ እሱ ነበር እላለሁ። ሁለቱ አልታረቁልኝም። ቆጮ ሲቀርብ ግን እስከ ዛሬ ቀድሜ አልቆርስም። አንድ ሰው ጎርሶ እስኪውጥ እጠብቃለሁ፤ ልጆቼ የአክብሮት ይመስላቸዋል።