አንድ ማንኪያ ሰሊጥ

ነሐሴ ስምንት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እንጅባራ። ታናሽ እህቴ ከቅዳሴ መልስ አማቷ ቤት የቀረበላትን የሱፍ ፍትፍት ሁለቴ እንደጎረሰች ትንፋሽ አጠራት።

አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ከንፈሯ አበጠ፤ አንገቷን ማከክ ጀመረች፤ ወዲያው ድምጿ ጎረነነ። ቤቱ ሁሉ «ምች ነው» አለ። የባሏ እህት ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ በመዳፏ አሸችና ፊቷን ቀባቻት፣ አፍንጫዋ ላይም አስጠጋችላት። እህቴ እጄን ጨምቃ ይዛ አንድ ቃል ብቻ አወጣች፦ «ሰሊጥ።»

እህቴ ዳንግላ አስተማሪ ናት። በልጅነቷ ሰሊጥ በልታ ከሞት ስለተረፈች፣ እንደማትቀምስ ያገባች ሰሞን ነው ለባሏ ቤተሰብ የነገረችው። አማቷ ሰምተዋል፤ የለኩት ግን በራሳቸው ሆድ ነው። እሳቸው ወተት አይስማማቸውም። ሲጠጡ ሆዳቸው ይነፋል፣ ሲያጉረመርም ያመሻል፣ ጠዋት ይለቃቸዋል። የምራታቸውም ነገር ያው መሰላቸው። የባሏ ወንድም ደግሞ በመጣች ቁጥር፣ እንጅባራን በድሮ ስሟ ጠርቶ፣ «ሙሽሪት፣ የቆሰበር ውሃስ ተስማማሽ?» እያለ ያስቅባት ነበር።

በዝናብ ባጃጅ ለምነን ሆስፒታል አደረስናት። ጭኗ ላይ አድሬናሊን ተወጋች፣ ኦክስጅን ተደረገላት። ትንፋሿ ሲመለስ ሐኪሙ ምን እንደበላች ጠየቀ። አማቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አንድ ማንኪያ ናት የጨመርኳት» አሉ። «ከጫግኒ የመጣ ጥሩ ሰሊጥ ነው። እኔም ወተቱን ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው የለመድኩት። ሳታውቀው ብትቀምሰው ትለምዳለች ብዬ ነው።»

ሐኪሙ አልተቆጣም።

«እናቴ፣ የእርስዎ ሆድ ወተቱን መፍጨት ነው ያቃተው። ያስቸግርዎታል እንጂ አይገድልዎትም፤ ትንሽ ሲሆን ይችለዋል። የእሷ አለርጂ ነው። ሰውነቷ ሰሊጡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል፤ ጉሮሮዋን የዘጋው ይኸው ነው። ለእሷ ትንሽ የሚባል የለም። እቤት ማለማመድ ደግሞ መግደል ነው።»

አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። የገባቸው መስሎኝ ነበር።

እህቴ በማግስቱ ከሆስፒታል ወጣች። ከዚያ ወዲህ አማቷ ቤት ስትሄድ ምግቧን በምሳ ዕቃ ይዛ መሄድ ጀመረች። ነገሩን ያከረረው ይህ ነው። አማቷ በዕድሩም በገበያውም «ምራቴ እጄን ተጸየፈች፣ መርዝ የማበላ አደረገችኝ» አሉ። ስለ መርፌው ያነሳ ሰው አልነበረም፤ የምሳ ዕቃው ወሬ ግን ጥሊሊ ካሉት ዘመዶቻቸው ዘንድ ደረሰ። ባሏ በእናቱና በሚስቱ መካከል ዝም አለ። ዝምታው ለማን እንደጠቀመ ግልጽ ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። የሐኪሙን ቃል አንድም ሳልጨምር ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ትልቁ፣ «እውነትህን ነው ልጄ። ቢሆንም እናት ናቸው» አሉኝ።

ዕርቁ በጥቅምት፣ እሁድ ቀን፣ እዚያው ቤት ሆነ። ምሳ ዕቃዋን ይዛ እንዳትመጣ አስቀድሞ ተነግሯት ነበር። እህቴ ጎንበስ ብላ የአማቷን ጉልበት ሳመችና ይቅርታ ጠየቀች። እሳቸውም አነሷት፣ ጉንጯን ሳሟት፣ ወደ ጓዳ ገብተው ምሳ አመጡ።

«ዛሬ ምንም የለበትም፣ ልጄ» አሉ ሳህኑን ፊቷ እያኖሩ።

እህቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ቅመሙ የተወቀጠው በየትኛው ሙቀጫ ነው?» አለቻቸው።

«ሰሊጡም በሚወቀጥበት፣ በዚያው በሙቀጫችን ነዋ። ሌላ ሙቀጫ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

ሽማግሌዎቹ በሉ፤ መርቀው ወጡ። የእህቴ ሳህን ሳይነካ ወደ ጓዳ ተመለሰ።