ከዋንዛ የተሠራች አውሮፕላን

ቴፒ የገባሁት ሠራዊቱ በተበተነ በዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ ሰባት ዓመት የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበርኩ፤ ሥራዬ ተዋጊ አውሮፕላን ለበረራ ማዘጋጀት፣ ሲመለስም መፈተሽ ነበር። ቴፒ ላይ ተዋጊ አውሮፕላን የለም። የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ግን ሞልቷል፤ የሚጠግነው ሰው በሻማ ተፈልጎም አይገኝም ነበር። አንዱ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቀጠረኝ። እዚያው ኑሮ ያዝኩ፣ እዚያው አገባሁ። ባለቤቴ የሸኮ ልጅ ናት። ወታደር እንደነበርኩ ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈውን እኔም አልነገርኳት፣ እሷም አልጠየቀችኝም። እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት በሰላም ኖርን።

አንድ ግንቦት ላይ ሚዛን ተፈሪ ካለ ትምህርት ቤት ጥሪ መጣልኝ። የፈተና ወረቀት የሚያባዙበት ማሽን ተበላሽቶባቸው ኖሯል። ሄድኩ። ቢሮውን የያዘችው አርባውን የተሻገረች መምህርት ናት፤ እኔ ማሽኑን ስፈታ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ወረቀት ታርማለች። ሥራዬን ስጨርስ መሣሪያዎቼን አንድ በአንድ ጠርጌ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸውና ወደ ሣጥኑ መለስኳቸው። ቀና ስል እያየችኝ ነው።

«አየር ኃይል ነበሩ እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ወንድሜ አብራሪ ነበር። ‹አንድ መፍቻ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላን አይነሳም› ይለን ነበር። እርስዎም ሲከቱ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።»

«ነበር» ማለቷን ሰማሁ። እሷው ቀጠለች። ወንድሟ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት እንደወጣ አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም። ለቤተሰቡ የደረሰው አንድ ሻንጣ ልብስና የእጅ ሰዓቱ ብቻ ነው። ስሙን ስትነግረኝ ላስታውሰው ሞከርኩ፤ የሌላ ስኳድሮን ሰው ስለነበረ አላወቅኩትም። ይበርባት የነበረችውን ዓይነት አውሮፕላን ግን አሳምሬ አውቃታለሁ። ስንቴ ሆዷ ሥር በጀርባዬ ተኝቻለሁ!

«እናቴ እዚሁ ከእኔ ጋር ናት» አለችኝ። «ዓይኗ ከጠፋ አራት ዓመት አለፈው። እስከ ዛሬ ‹ልጄ ምን ውስጥ ሆኖ ነው የሞተው?› ትለኛለች። እኔም አላየሁት፤ ምን ብዬ ልንገራት? ፎቶ ባገኝላት እንኳ ምን ያደርግላታል?»

«በእጅ የምትዳሰስ ልሥራላቸው» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ወደ ቴፒ ስመለስ መንገዱን ሙሉ በራሴ ተናደድኩ። ከየት አምጥቼ ነው የምሠራው? ንድፍ የለኝ፣ መጽሐፍ የለኝ፤ ሁሉም የቀረው ካምፑ ውስጥ ነው። ቤት ስደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያቺን አውሮፕላን ለዓመታት በየማለዳው እየዞርኩ እፈትሻት ስለነበር እግሬ ያውቃታል። ከአፍንጫ እስከ ጭራ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ናት። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ አሥራ አንድ። እያንዳንዷ እርምጃ አራት ሳንቲ ትሁን ብዬ ወሰንኩ። ርዝመቷ ሰባ ስድስት፣ ክንፏ አርባ አራት ሳንቲ ሆነች ማለት ነው። ይህን በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ሣልኩት። የቀረውን በሰውነቴ ለካሁት፤ ክንፏ እስከምኔ ይደርስ እንደነበር፣ የሞተሯ አየር መሳቢያ ውስጥ እጄ እስከ የት ይገባ እንደነበር።

ክረምት ላይ መፈልፈያው ሥራ ስለማይኖረው ጊዜ ነበረኝ። አዲስ የተቆረጠ ዋንዛ አግኝቼ በረንዳ ላይ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠርብ፣ በሞረድ ስሞርድ ቆይቼ ክንፉን ጨረስኩና ግድግዳ አስደግፌው ገባሁ። በበነጋው ባየው እንደ ደረቅ እንጀራ ጠርዙ ተቆልምሟል። የቴፒ ዝናብና ያልደረቀ እንጨት! ሃያ ዓመት ከብረት ጋር የኖረ ሰው ይህን አያውቅም። እንደገና ልቀጥል አልፈለግኩም፤ ሁለት ቀን ፊቴን አዙሬበት ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ሠፈራችን ያለው አናጢ አለፍ ሲል አየውና ሳቀ።

«ይሄ እኮ ገና ዛፍ ነው» አለኝ። «እንጨት ሲሆን ነው የሚሠራው።»

ቤቱ ወስዶ የአንድ አሮጌ አልጋ ራስጌ ሰጠኝ። ከእኔ ዕድሜ የማያንስ ዋንዛ ነው። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ለመላግ ያስቸግራል እንጂ አንዴ ቅርጹን ከያዘ ንቅንቅ አይልም። በእሱ ሀ ብዬ ጀመርኩ።

የምሠራው ለዓይን ሳይሆን ለጣት መሆኑ ሥራውን ለየት አደረገው። በብርጭቆ ወረቀት ካሸሁ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ እዳስሳለሁ። ዓይን ያለፈውን ጉብታ ጣት አያልፈውም። የአካሏን ቆርቆሮዎች መጋጠሚያ መስመር በመርፌ ጫርኩ፤ የብሎን ቦታዎቹን በምስማር ጫፍ ነጠብጣብ አደረግኳቸው። እግሮቿን ከብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ጎማዎቿን ከአሮጌ ሸበጥ ሠራሁ። አብራሪው የሚቀመጥበትን ክፍል የሚሸፍነውን መስታወት ከውኃ ፕላስቲክ ነው ያወጣሁት፤ ቅርጹን ከእንጨት ጠርቤ ፕላስቲኩን በከሰል ሙቀት እያለሰለስኩ ላዩ ላይ ሳብኩት። አራቱ ተቃጥለው አምስተኛው ያዘልኝ። ቦምብ አላንጠለጠልኩባትም። ክንፎቿ ጫፍ ላይ የሚሰኩትን ሁለት ቀጫጭን ሚሳይሎች ግን አልተውኩም፤ ያለ እነሱ ክንፏ የተቆረጠ ይመስላል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ከሩቅ ነበር የምታየኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአብራሪው ወንበር ጋር ስታገል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣቴ ወፍራም ስለሆነ የወንበሩን ቀበቶ መስፋት አልቻለም።

«አምጣው» አለችኝ። መርፌውን ተቀብላኝ ቀበቶውን አየችው። «ምንድን ነው?»

«አብራሪው የሚታሰርበት ነው። ሁለት በትከሻ፣ ሁለት በወገብ።»

«አራት ለአንድ ሰው?»

«እንዳይንቀሳቀስ ነው።»

አራቱንም ሰፋችልኝ። ክሯን በጥርሷ በጥሳ፣ «ይህን ያህል የምታውቀውን ነገር ስንት ዓመት ደበቅከኝ» አለችና ተነሥታ ገባች። ተቆጥታ አልነበረም፤ ግን ቃሉ አብሮኝ ዋለ።

ቀለሙን አንድ ሹፌር ከሚዛን ጋራዥ አመጣልኝ፤ አሸዋማና አረንጓዴ። ለማያዩ ሴት ቀለም ምን ያደርጋል ያሉኝ ነበሩ። ያልተቀባች አውሮፕላን ግን አላለቀችም፤ ሳታልቅ ደግሞ አላስረክብም። በዚያ ጭጋግ አልደርቅ ብሎ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

ጳጉሜን ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዣት ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ጠጋ ብለው፣ «ለሕፃኑ አየር አስገባለት እንጂ» አሉኝ። አውሮፕላን ነው ስላቸው መኪናው በሳቅ ተሞላ፤ እስከ ሚዛን ድረስም ስሜ «ፓይለቱ» ሆነ።

መምህርቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። እናቷ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ሰላም ካልኳቸው በኋላ አውሮፕላኗን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከአፍንጫዋ ጀመሩ። ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሄዱ።

«ቀጭን ናት» አሉ። «እኔ አውቶብስ የምታህል ትመስለኝ ነበር።» ክንፏ ላይ ሲደርሱ ተገረሙ። «ክንፏ እንዲህ አጭር ነው?»

«ፍጥነቷ ነው የሚያነሳት፣ እማማ።»

የአብራሪውን ክፍል ክዳን ከፈትኩላቸው። ጣታቸውን አስገብተው ወንበሩን ነኩ፣ ቀበቶዎቹን ነኩ። እጃቸው እዚያው ቆመ።

«እዚህ ነው የተቀመጠው?»

«እዚህ ነው።»

«ጠባብ ናት። ልጄ ትከሻው ሰፊ ነበር።»

«ለሁሉም ጠባብ ናት እማማ። አብራሪው ሲገባባት እንደ ልብስ ነው የሚለብሳት።»

ጣታቸውን ከቀበቶዎቹ አላነሱም። «ሲሄድ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማን ነው?»

«ቴክኒሺያኑ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ቀበቶውን የሚያስርለት እሱ ነው።»

«አንተም ታስር ነበር?»

«አዎ፣ ሥራዬ ነበር።»

«እስቲ እኔን እሰረኝ» አሉ።

ልጃቸውን አየኋት። ጓዳ ገብታ ሁለት መቀነት ይዛ መጣች። አንዱን ከወንበሩ ጀርባ አሳልፌ ሁለቱን ጫፍ በትከሻቸው አወረድኩ። ሌላውን በወገባቸው ዙሪያ አምጥቼ አራቱን ጫፍ ሆዳቸው ላይ አገናኘሁ። እጄ አልረሳም።

«ለእነሱ እንደምታጠብቀው አጥብቀው» አሉኝ። አጠበቅኩት። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ትከሻውን ሁለቴ መታ መታ አድርጌ እወርዳለሁ። ክዳኑ ይዘጋል።»

«አድርገዋ።»

ትከሻቸውን መታ መታ አደረግኩ። አጥንታቸው ይሰማል። እንደታሰሩ ብዙ ቆዩ።

«እንግዲያው ሰው ነበረ አጠገቡ» አሉ በመጨረሻ። «ሲሄድ የሰው እጅ አርፎበታል።»

ያን ጊዜ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኳቸው። እኔም ያሰርኩት አንድ ልጅ አልተመለሰም። ሌሎቹ አውሮፕላኖች አርፈው፣ የነዳጅ መኪናዎቹ ሄደው እኔ መሰላሉን ይዤ እስኪመሽ ቆሜ ነበር።

«መጠበቅህን እናቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ እማማ።»

«ብታውቅ ጥሩ ነበር» አሉና እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈለጉ። ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ቴፒ ስገባ ባለቤቴ በረንዳው ላይ የወደቀውን የእንጨት ፍቅፋቂ እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን ተቀብያት አስቀመጥኩና አጠገቧ ተቀምጬ ስለዚያ ልጅ ነገርኳት። ስሙን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከሆዴ ያወጣሁት አንድ ስም ብቻ ነው፤ ግን ለዓመታት እንደዚያ ሌሊት በደንብ ተኝቼ አላውቅም።

አውሮፕላኗ ሦስት ዓመት ያህል ከእማማ አልጋ አጠገብ ቆየች። ሲያርፉ ለልቅሶ ሄድኩ። መምህርቷ ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀምጣታለች። ቀረብ ብዬ አየኋት፤ ክዳኑ ዙሪያና ወንበሩ አካባቢ ቀለሟ በመዳሰስ ብዛት ሙልጭ ብሎ ለቅቆ ዋንዛው ወጥቷል። የሠራ ሰው መቼም ዝም ብሎ አያይም፤ እጄን በላኝ።

«ቀለሙን ላድሰው?» አልኳት።

«ተዉት፣ ጋሼ» አለችኝ። ተውኩት።