ሞተ በተባለ ሰው ግቢ የቆፈርሁት ጉድጓድ

የአርበኛ ቦታ በተንኮል ወሰድህ ተብዬ ተከስሻለሁ። ውሸት ነው። ግን ውሸት መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ልደታ ውስጥ ቀና ብዬ አልሄድሁም።

ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ መቆፈር ነበር። የመጀመሪያው ቀን ዶማ ሳነሣ አሠሪዬ ጋሽ ወልዴ እጄን ያዙኝ።

«ጎረቤት ጠይቀሃል?»

«ምን ብዬ?»

«ሽንት ቤቱ የት ነበር፣ የተደፈነ ጉድጓድ አለ ወይ፣ ግቢው የማን ነው ብለህ! አፈር አፍ የለውም፤ ጎረቤት ግን አለው።»

ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቅ ቆፍሬ አላውቅም።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ እሱ የሾመው የሰፈሩ ሹም በግቢው ጉድጓድ አስቆፈረኝ። ሲያልቅ በደመወዝ ፈንታ ከግቢው ማዶ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየኝ። «ቤት ሥራበት» አለ። የማን ነው ብዬ ብጠይቀው «የመንግሥት» አለኝ። አላመንሁትም። አጥር የሚጋሩትን ሴትዮ ሄጄ ጠየቅሁ።

«እትዬ የሺ፣ ይህ ቦታ የማን ነው?»

ወደ መንገዱ ገልመጥ አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«የባሻ ተሰማ ነበር። ሞተዋል።»

«ወራሽ የላቸውም?»

«የላቸውም። ተዝካራቸውንም በልተናል። አንተን ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ምን ታደርቀኛለህ?» ብለው ገቡ።

ቆፈርሁ። ዓለቱ ድጅኖ ያጣምም ነበር። ውሃው ሲወጣ ከጎኑ የጭቃ ቤት ሠራሁ። ሰፈሩ ይቀዳል፣ እኔ ስመጣ ግን ወሬው ይቋረጣል። ሰላይ መስያቸው ነበር ለካ። እኔም የጣሊያን ካሚዮን ሲመጣ በሰማሁ ቁጥር ከቤት ወጥቼ እሸሸጋለሁ፤ ሟቹ አርበኛ ኖሮ እንደሆነ ቦታው ላይ የሚገኘው እኔ ነኝ።

ጣሊያን ወጣ። አንድ ጧት ጠመንጃ ያነገተ ሽማግሌ በሬ ላይ ቆመ።

«ማነህ አንተ?»

«ባለቤቱ።»

«እኔሳ? ባሻ ተሰማ ነኝ።»



ባሻ ከሰሱኝ። ቦታው የእሳቸው ነው፣ አልተከራከርሁም። ክርክሩ ሌላ ነው፤ በሕይወት መኖራቸውን እያወቅሁ ከሠራሁ ቤቱም ጉድጓዱም ይወረሳል፣ እኔም እታሰራለሁ። ሳላውቅ ከሠራሁ የድካሜን እካሳለሁ። ዛሬ ጠበቆች ቅን ልቦና የሚሉት ይህንን ነው።

«ጠይቀሃል?» አሉ ዳኛው።

«እትዬ የሺን ጠይቄ ሞተዋል አሉኝ።»

«እኔ ሞቼ ይኸው!» አሉ ባሻ። ችሎቱ ሳቀ።

ሴትዮዋ ተጠርተው ቀሩ። ደግሞ ተጠሩ፣ ቀሩ። ቤታቸው ሄጄ ለመንሁ።

«በቁማቸው የቀበርኋቸውን ሰውዬ በምን ዓይኔ ልያቸው? ጠመንጃቸውንስ አላየህም?» አሉኝ።

ልቤን ቀዶ የሚያይልኝ ዳኛ የለ!

በመጨረሻው ቀጠሮ እትዬ የሺ መጡ።

«ሞቱ ያልሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ዱር ሳሉ ጣሊያን ፍለጋውን ይተው ብዬ ነው። ይህም ሰው ሰላይ መስሎኝ ዋሸሁት።»

ባሻ ተነሡ። «ተዝካሬንም በላሽ?»

«ባልቀብርዎ ኖሮ ዛሬ እዚህ ይቆሙ ነበር?»

ባሻ ተቀመጡ።

ዳኛው ቦታውን ለባሻ፣ የቤቱንና የጉድጓዱን ካሳ ለእኔ ፈረዱ። «ሠሪው በቅንነት ነው የሠራው» አሉ። ያኔ ፊደል አላውቅም፤ ጸሐፊው ያቺን ቃል ደግሞ እንዲያነብልኝ ለመንሁት። በኋላ በጉልምስናዬ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ፈልጌ ያነበብሁት እሷን ነው። ባሻ ይቅርታ አላሉኝም። ባንዳ ሲሉኝ የነበሩት ጎረቤቶቼም አላሉኝም።

ለእናንተ ለዛሬዎቹ ጉድጓድ ቆፋሪዎች የምለው ይህ ነው፦ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፣ ምስክር በሚሆን ሰው ፊት ጠይቁ። እኔን ያዳነኝ ቅንነቴ አይደለም፣ የሴትዮዋ አፍ ነው።

ፍርዱ የተነበበው ሰኔ 4 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።