ሊባኖስ ሰላም ነው

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ የሚዳፈነው እሳት ብቻ ነበር። በዚያ ክረምት ግን ወሬም ተዳፈነ።

ያኔ ሰፈራችን ቀራንዮ እንዲህ ሕንጻ በሕንጻ አልሆነም ነበር። ታክሲው የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አራግፎን ሲመለስ፣ እኛ ጭቃውን እየዘለልን በባሕር ዛፉ ሥር ወደ ታች እንወርድ ነበር። ሁለት ላሞችና የድንች መደብ ነበሩን። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤቱን እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው የሚጎበኘው፤ የምንኖረው እናቴ፣ እኔና የእናቴ አባት ነበርን። አያቴን ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። ከሰላሌ ከመጡ ብዙ ዓመት ቢያስቆጥሩም ከተማ ውስጥ እንደሚኖሩ አንድም ቀን አምነው አያውቁም፤ ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ሄደው ሲመለሱ እንኳን «ዛሬ ከተማ ዋልኩ» ይሉ ነበር።

ክረምት ሲገባ መብራት ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ እንዲጠፋ እጸልያለሁ። ኩራዙ ሲበራ አባባ ከምድጃው አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጡና፣ እርጥብ እንጨት ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ተረታቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሌላ አያት በየምሽቱ አዲስ ተረት ያወራል፤ የእኔ አያት ግን አንዲቷን ተረት ነበር እንደ ሸማኔ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጨምሩባት። ተረቷ እሳት ልትጭር ስለሄደች ልጅ ናት። በአገሩ ሁሉ እሳት ጠፍቶ፣ ልጅቷ ፍም የምትይዝበት ገል አንስታ ጎረቤት ትሄዳለች። ጎረቤቱ ወንዝ ማዶ ይልካታል፤ ወንዝ ማዶ ያሉት ተራራ ማዶ። በደረሰችበት ቤት ሁሉ «መጀመሪያ ውኃ ቅጂልን፣ መጀመሪያ ቤት ጥረጊልን» ይሏታል። አባቷ እቤት ቁጭ ብሎ ባዶ አመዱን እፍ እያለ ይጠብቃታል። አባባ እንቅልፌ መምጣቱን ሲያዩ በትር ይዘው ረመጡን እየዳፈኑ «እንግዲህ ዛሬ እዚህ ታድራለች» ይላሉ። ተረቱ የሚያልቀው እንዲያ ነው፤ በማግሥቱ ልጅቷ መንገድ ላይ ናት።

እኔ ልጅቷን አውቃታለሁ ብዬ አምን ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት ብርቄ ነበረች። ብርቄ ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ የሄደች ጊዜ አቅፋኝ «ቶሎ እመጣለሁ» ብላኛለች፤ እሑድ እሑድም ጋሽ ሸምሱ ሱቅ እየደወለች ታናግረን ነበር። በእኛ ቤት የብርቄ አገር ቤሩት ነው። ወይ ዓረብ አገር ነው። ሌላ ስም እንዳለው አልሰማሁም ነበር።

አንድ ምሽት ሬዲዮው ዜናውን ሲጀምር እናቴ ኩራዙን ልታበራ ክብሪት ጭራ ነበር። «በሊባኖስ ላይ የአውሮፕላን ድብደባ» የሚለው ቃል ሲወጣ እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ክብሪቱ ጣቷ ድረስ ነደደ።

አባባ ግን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ደግሞ መጡበት?» አሉ። «ሊባኖስን ደግሞ መጡበት?»

እሳቸው ደብረ ሊባኖስን እንደ አገሩ ሰው በአጭሩ ሊባኖስ ነው የሚሉት። ገዳሙ ለተወለዱበት መንደር ቅርብ ነው። ጣልያን እዚያ የፈጸመውን ግፍ በልጅነታቸው ያውቁታል፤ አጎታቸው ከመነኮሳቱ ጋር እዚያው ቀርተዋል። ስለዚህ የባዕድ አውሮፕላን ሊባኖስን መደብደቡ ለእሳቸው የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ያስቆጣቸው የጣልያን መመለስ ነው። እናቴ ልታርማቸው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ወዲያው እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«አባባ ልባቸው ደካማ ነው። ቤሩትና ሊባኖስ አንድ መሆኑን ትንፍሽ እንዳትይ! ሰምተሻል?»

«አንድ ነው እንዴ?» አልኳት።

ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ጭንቀት ገባ፤ አባባ ለገዳማቸው፣ እኛ ለብርቄ፤ ሬዲዮውን ግን ተጠጋግተን አብረን እንሰማለን። እናቴ በየቀኑ ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ትሄዳለች። ጋሽ ሸምሱ ጭቃውን በከንቱ እንዳትሻገር ከሩቅ ሲያያት እጁን ያወዛውዛል፤ አልደወለችም ማለቱ ነው። እሷም ከመንገድ ትመለሳለች።

ከሁሉ የከፋው ለእኔ፣ አባባ ተረቱን አቆሙ። «ሊባኖስ እየነደደ የምን ተረት ነው?» አሉ። ያቆሙበት ቦታ ደግሞ ክፉ ነበር። ልጅቷ አንዲት ሀብታም ሴትዮ ቤት ስታድር፣ ሴትዮዋ በሩን ከውጭ ቆልፋባት ሄዳለች። ማታ ማታ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ያቺን በር አስባታለሁ። አባባ ካልከፈቱላት ማን ሊከፍትላት ነው? እሳቸው ተረቱን ካልጨረሱ ብርቄ እንደማትመጣ በልቤ እርግጠኛ ሆንኩ። ለእናቴ እንኳን አልነገርኳትም፤ ከተናገርኩት እውነት እንዳይሆን ፈራሁ።

ፍልሰታ ገብቶ አባባ ደጅ ላይ ወገባቸውን ይዘው ዝናቡን ሲያዩ ጠጋ አልኩና «አባባ፣ ለምን ሄደው አያዩትም?» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ሬዲዮ ምን ያውቃል!»

በማግሥቱ በሶ፣ ጋቢ፣ ዱላቸውንና ጠበል የሚቀዱበት ትንሽ ጀሪካን ይዘው ገዳሙ መገንጠያ ወደሚያደርሰው የፍቼ አውቶቡስ ሄዱ። እናቴ በዓይኗ እኔን ገርምማኝ ነበር፤ ግን ራሷ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻቸው። ለምን እንዳልከለከለቻቸው የገባኝ ያን ምሽት ነው። አባባ ቤት ስለሌሉ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እሳቱን የሚዳፍን አልነበረም።

ጠዋት ምድጃው አመድ ብቻ ሆኖ አገኘነው። ክብሪቱም በዝናቡ ርሷል። እናቴ አሮጌ ጣሳ ሰጥታኝ ጎረቤት እሳት ልጭር ላከችኝ። ተረቱ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ «መጀመሪያ ይሄን አድርጊልኝ» ብትለኝ ኖሮ ጩኸቴን እለቀው ነበር። እሷ ግን ወዲያው ፍሙን ጣሳው ላይ አደረገችልኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

አባባ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ መጡ። ገና ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነው ነው የጮኹት።

«ሊባኖስ ሰላም ነው!»

ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ወጣ። «በዓይኔ አይቼ መጣሁ! አንድ ድንጋይ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዝንጀሮዎቹ እንኳን ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ነው ያገኘኋቸው። ሬዲዮ ውሸታም ነው!»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። የተደበደበው ሊባኖስ ሌላ መሆኑን እያወቀች። እኔም እያወቅሁ ዘለልኩ። የሄደ ሰው፣ በእግሩ ረግጦ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ሰላም ነው ሲለን ማመን አማረን፤ ደረታችን ላይ የተጫነው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለ። ጠበሉን ቀምሰን፣ ጭሱ መሐል ተቀመጥን፤ አባባም ሳይጠየቁ ወደ ተቆለፈው በር ተመለሱ። ልጅቷ ሴትዮዋ ጥላው በሄደችው ምድጃ ውስጥ የተዳፈነ ፍም አገኘች። ገሏ ላይ አድርጋ በመስኮት ወጣች። «እንግዲህ ዛሬ ወንዙ ዳር ታድራለች» አሉ፤ እኔም ልቤ አርፎ ተኛሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋሽ ሸምሱ ራሱ ጭቃውን ተሻግሮ መጣ። አንድ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቷል።

«ደውላለች! ደማስቆ ገብተናል፣ ደህና ነኝ ብላለች!»

እናቴ ብርቄ ከጦርነቱ መውጣቷ ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባባ ግን ግራ ገባቸው። «ደማስቆ? ቅዱስ ጳውሎስ የሄደበት? እዚያ ደግሞ ምን ልትሠራ ሄደች?»

«ልትሳለም ነው» አለች እናቴ፣ እየሳቀችና እንባዋን እየጠረገች።

ብርቄ የመጣች ማታ መብራት የለም ነበር። ከስታ፣ የሰው ጃኬት ለብሳ ገባችና የአባባን ጉልበት ይዛ ቀረች። እሳቸው ራሷን እየደባበሱ «በዚህ ጭቃ ከየት ነው የመጣሽው ልጄ?» አሏት።

«ከሊባኖስ፣ አባዬ» አለች፤ የተዳፈነውን ወሬ ማን ነግሯት!

እናቴ ደረቀች። አባባ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ሊባኖስማ እኔም ሄጄ ነበር» አሉ። «አላየሁሽም እኮ!»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። ብርቄ ምን እንዳሳቀን ሳይገባት ከእኛ ጋር ሳቀች፤ ሳቁ ለእሷ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ መልሶም ወደ ሳቅ። አባባ የሁላችንም ነገር አልጣማቸውም፤ ዱላቸውን መታ መታ አድርገው ተረታቸውን ጀመሩ። ልጅቷ ደጃፍ ደረሰች። ገሉን ምድጃው ላይ አራገፈች። አባቷ እፍ አለ፤ ያዘ። ያኔ ወደ ታች ሲያዩ ብርቄ ጉልበታቸው ላይ ራሷን ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። ጋቢያቸውን አወለቁና አለበሷት፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «እንግዲህ ዛሬ እዚህ ታድራለች» አሉ። ከዚያ በኋላ ያቺን ተረት ቀጥለዋት አያውቁም።

ዛሬ የድንች መደቡ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ እሳት መጫር ምን እንደሆነ ለልጄ ሳስረዳ ተረት ይመስላታል። ብርቄ ቤቴል ሰፈር የራሷን ፀጉር ቤት ከፍታለች። አባባ በኑዛዜያቸው መሠረት የተቀበሩት ደብረ ሊባኖስ ነው። በቅርቡ ያ የሩቁ ሊባኖስ እንደገና መደብደቡን ስልኬ ላይ ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት ብርቄን ነው፤ እዚያ የቀሩ ጓደኞች አሏት። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ወደ ማታ እሷው ደወለች። የአባባ መቃብር ጋ ሄዳ፣ ለጓደኞቿ ጸልያ፣ በአውቶቡስ እየተመለሰች ነበር።

«ሊባኖስ ሰላም ነው» አለችኝ።

የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋትም።