የሙላው ፈረሱላ

ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ሙላውን የማያውቅ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የሚሸጥ ነገር ኖሮት አያውቅም። ከበቆሎ ተራው ጫፍ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ባስኩላ ሚዛኑን ተክሎ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እህል ሲመዝን ኖሯል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወለጋ የገባ ነው። ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር እየተሰዳደበ ስለተማረው፣ እስካሁን ስድቡ ከሰላምታው ይጠራል። ያገሩ ገበሬ “ኦቦ ሙላው” ይለዋል፣ የወሎ ሰዎቹ “አያ ሙላው” ይሉታል። ሁለቱም ወገን ስለሱ የሚሉት ግን አንድ ነው፤ ምላሱ ያጋንናል፣ ሚዛኑ አያጋንንም።

ይህ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ለቡና ወቅት ያሳተመው የደረሰኝ ጥራዝ ሲተርፈው በበቆሎ ወቅትም በዚያው ይጽፋል። ጥራዙ ላይ የታተመው “ፈረሱላ” ነው፤ ቡና በፈረሱላ ነዋ የሚሸጠው፣ አንዱ ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ። በቆሎ ግን የሚመዘነው በኪሎ ነው። ሙላው በፈረሱላው ሥር ኪሎውን ይጽፍና ገንጥሎ ይሰጣል። ገበያው ሁሉ ያውቅለታል። አዲስ ጥራዝ አሳትም ሲሉት፣ ወረቀቱ ምን በደለኝ ብዬ ልጣለው ይላል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለት ፖሊሶች አምስት ጆንያ በባጃጅ ጭነው መጡ። የጣቢያው ሚዛን ተበላሽቶባቸው ነው። ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ሌንጮ የሚባል ሰው ለአንድ ከሰል ነጋዴ ባከራየው መጋዘን፣ ከከሰሉ ኋላ ካናቢስ ተደብቆ ተገኝቶ ነበር። ከሰል ነጋዴው ወዴት እንደገባ አልታወቀም። መጋዘኑ የትም መሄድ ስለማይችል ባለቤቱ ታሰረ። ሙላው ጆንያዎቹን ሚዛን ላይ ጫነ። ዝናብ መቷቸዋል፤ ግንዱም ሥሩም ከነአፈሩ አብሮ ታጭቋል። እንደ ልማዱ የጆንያና የእርጥበት ቅናሽ አለ ሊል አፉን ሲከፍት፣ አንደኛው ፖሊስ ይኼ እኮ በቆሎ አይደለም አለው። ሙላውም ሰማንያ አምስት ብሎ ጻፈ፣ ፈረመና ሰጠ።

ቅዳሜ ዕለት በሬዲዮ ተነገረ። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ የገበያ ዋጋው ከአሥራ አራት ሚሊዮን ብር በላይ የሚገመት አደንዛዥ ዕፅ ተያዘ ተባለ።

ሙላው ሻይ ቤት ነበር። ሻዩ ትን አለው። ከዚያ ወዲያ ለአራት ቀን ሌላ ወሬ አላወራም። ጣቢያ ያደረ ሳር ይዋለዳል እንዴ፣ ይላል። አምስት ጆንያ አሥራ አራት ሚሊዮን የሚያወጣ ከሆነ፣ እኛ በበቆሎ ምን ያደክመናል፣ ይላል። ከሁሉ የባሰ የገረመው ግን ዋጋው ነበር። በዚህ ገበያ የአህያም፣ የእንቁላልም፣ የሽማግሌ መላኪያም ዋጋ ይጠየቃል። የዚህን ዕቃ ዋጋ ግን አውቃለሁ ያለ ሰው እጁን ለካቴና ሰጠ ማለት ነው።

“የሚያውቀው አይናገርም፣ የሚናገረው አያውቅም” ይላል ሙላው። “ታዲያ ገማቹ የቱ ነው?”

ሰው ይስቃል፤ ወሬውም ይሄዳል። ጎረቤት ወረዳው ጉቶ ጊዳ ሲደርስ አሥራ አራቱ ሚሊዮን አርባ ሆኖ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ያልሳቀች ሴት መጣች። የሌንጮ ሚስት ኢቢሴ ነች። በቆሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ነገሩን በዝግታ ነገረችው። ፍርድ ቤቱ የዋስትናውን ጥያቄ ለዐርብ ቀጥሮታል። ዐቃቤ ሕጉ ግማሽ ቶን ይቅርና ከቶን የተረፈ ዕፅ ቤቱ የተገኘበት ሰው አከራይ ሳይሆን ነጋዴው ራሱ ነው፣ ከተለቀቀ ይጠፋል ብሎ ይቃወማል። መጋዘኑ ሦስት በሦስት ነው፣ ያን ያህል አይዝም ብትል ማን ይስማት።

“ኦቦ ሙላው፣ ሻይ ቤት ያሉትን እዚያም ይሉልኛል?”

“ምን ገዶኝ፣ አዴ ኢቢሴ! እኔ የመዘንኩት ሰማንያ አምስት ኪሎ ነው፤ የጻፍኩትም ይኸው።”

ከቦርሳዋ ጠበቃው ከመዝገቡ ያስገለበጠላትን ወረቀት አወጣች። ሙላው የገዛ እጅ ጽሕፈቱን አየ። ከላይ “ፈረሱላ” ይላል። ከሥሩ 85። ሰማንያ አምስትን በአሥራ ሰባት ለማባዛት ወረቀትና እስክሪብቶ የሚያሻው ሰው አይደለም።

“ምን አዩበት?” አለችው።

“ፖሊስ አልዋሸም” አለ ሙላው። “ወረቀቴ ነው የዋሸው።”

“ዱጋ?” አለችው፣ እውነት ማለቷ ነው።

“ዱጋ።”

ከጎን ያለችው የበቆሎ ነጋዴ ሚስራ ሁሉንም ሰምታ ነበርና ወደ ሙላው ጠጋ ብላ በጆሮው መከረችው። ጠበቃው ይከራከር፣ አንተ ምን አገባህ። ነገ ደረሰኜ ስህተት አለው ብለህ ፍርድ ቤት ብትፈርም፣ የዛሬ አምስት ዓመት የመዘንክለት ገበሬ ሁሉ ወረቀቱን ከሳጥን ያወጣል። በፈረሱላ ክፈይኝ ብሎ እኔ ደጅ የሚሰለፈውስ?

ሙላው ይህን ሳያስበው አልቀረም። መሬት የለው፣ ከብት የለው፤ ያለው ሚዛኑ አያጋንንም የሚባለው ቃል ብቻ ነው። ኢቢሴ አልለመነችውም። ወረቀቷን አጥፋ ዐርብ ሦስት ሰዓት ነው አለችና ተነሣች። እሷ ከመንገዱ ሳትደርስ ሙላው በጠራራ ፀሐይ ሚዛኑን በሸራ ሸፈነ። ሚስራ እጇን በአፏ ጫነች።

ከኢቢሴ ጋር በአንድ ባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ግምቱን የሠራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ፊራኦል የሚባል ወጣት መርማሪ ነበር። ሙላው ነገሩን ከጥራዙ ጀምሮ አስረዳው።

“አባቴ፣ ፈረሱላ የሚለው ፈረሱላ ካልሆነ እኛ በምን እንወቅ?” አለው ፊራኦል።

“ገበያ ብትጠይቁ ሕፃን ይነግራችሁ ነበር” አለ ሙላው። ወዲያው ግን አንገቱን ደፋ። “ጥፋቱ የኔ ነው። ጻፈውና ልፈርም።”

ከፈረመ በኋላ ያን ሰኞ የዋጠውንም አወጣ፤ ጆንያው፣ ውኃው፣ ግንዱ፣ አፈሩ። ፊራኦል ጥቂት አሰበና ዳግም ይመዘን አለ። ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴውና ጠበቃው ቆመው እያዩ፣ ሙላው ሚዛኑን ጣቢያ ድረስ አምጥቶ መዘነ። ግንዱና ሥሩ ተለይቶ፣ ቅጠሉና አበባው ብቻ ሃያ አንድ ኪሎ ሆነ። ፊራኦል በስልኩ አባዛ፤ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብር።

“አንዱን ኪሎ አሥር ሺህ ያላችሁት ከማን ሰምታችሁ ነው?” አለ ሙላው።

ፊራኦል ሌሎቹ እስኪርቁ ጠብቆ ነገረው። የገበያውን ነጋዴ ቢጠይቁ ምሎ ተገዘተ። እስረኛውን ቢጠይቁ ስሙንም አልሰማሁ አለ። በመጨረሻ ከኮሚቴው በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሲጋራ እንኳ ቀምሰው የማያውቁት ሰውዬ፣ አሥር ሺህ ይሁን፣ ለማባዛት ይመቻል አሉ። ሙላው ለዚህ አንድ ሳምንት የሚያስቅ ነገር ነበረው። ግን እሱም የቡናውን ጥራዝ የያዘው ስለሚመቸው ነበርና ቀልዱን ትቶ ሚዛኑን ጫነ።

ዐርብ ዕለት ዳኛው የሙላውን ቃል ጮክ ብለው አነበቡት፤ በደረሰኙ ላይ የታተመውን ሳይሰርዝ በመጻፉ የተፈጠረ ስህተት መሆኑን። ለሌንጮ ዋስትና ተፈቀደ። ክሱ ገና ይታያል፤ እሱ ግን ያን ማታ ቤቱ አደረ። ሬዲዮው ሃያ አንድ ኪሎ ብሎ አልተናገረም። ጉቶ ጊዳም አርባውን ሚሊዮን አልመለሰችም።

ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ የፍርድ ቤቱ ወሬ ቀድሞት ነበር። መጀመሪያ የመጣው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ሙላው መዘነ፣ ዘጠና ሁለት። ፈረሱላ የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዞ ኪሎ ብሎ ጻፈና ሰጠው። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አነሣ፣ ገለበጠ፣ ሚዛኑንም አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ሚዛኑን እንዲያ አይቶት አያውቅም። ሙላው ሳይጠየቅ ጆንያውን አውርዶ እንደገና ጫነው። ያው ዘጠና ሁለት ነበር። ሽማግሌው ግን አልሄደም። ሙላውም ወገቡን ይዞ ቀና አለ፣ ጎንበስ አለና ለሦስተኛ ጊዜ መዘነለት።