ካሜራዋን የዘጋችው ተማሪ

ሞጣ፣ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው መምህርት ላፕቶፑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጋ የካሜራውን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች። ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ ለእያንዳንዳቸው ፈገግ አለች። ብቸና ያለችው ወይንእሸት ካሜራዋን ከዘጋች ሰነባብታለች።

ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ እሷን አስቀረቻት።

«ክፈችውና ልይሽ፣ የኔ ልጅ።»

«ይቅርብኝ፣ ቲቸር።»

«አልቆጣሽም።»

ምስሉ ሲበራ የልጅቷ እጆች እንሶስላ ሞቀዋል።

«ሠርጉ መቼ ነው?»

«እሑድ።»

መምህርቷ የራሷን መዳፍ ገልብጣ አየችው። ቀና ስትል ፈገግታው የለም።

«አባትሽን ጥሪያቸው» አለች። «ካሜራው ፊት ይቀመጡና ዓይን ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ።»

ወይንእሸት ተነሥታ ወጣች። መምህርቷ ስክሪኑ ላይ በቀረው ባዶ ወንበር ላይ እንዳፈጠጠች ጠበቀች።