የሚያስገድፍ ውሃ

እናቴ ፍልሰታን ልትጾም ከወገራ እኔ ቤት፣ አዘዞ፣ የመጣችው በራሴ ጉትጎታ ነው። «በዚህ ክረምት ብቻሽን ብርድ ከሚያንቀጠቅጥሽ እኔ ጋ ሁኚ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው» ብዬ ለመንኳት። ምን አለ ባልለመንኳት እላለሁ አሁን።

ጾሙ በገባ በአምስተኛው ቀን ሆዷ ተበላሸ። ተቅማጥ የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ነውር ነው። «ትንሽ ውጭ ያመላልሰኛል» ነው ያለችኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሮ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፤ አልደነገጥኩም። አንድ ሊትር ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከማንኪያው አፍ በላይ የተቆለለውን በቢላ እየጠረግሁ ጨመርኩበት። ሃይላንድ ውስጥ ሞልቼ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩላት።

«በተመላለስሽ ቁጥር አንድ ብርጭቆ፣ ቀስ እያልሽ ፉት በዪ። የገብስ አጥሚትም ድስቱ ውስጥ አለልሽ» አልኳት።

«እሺ እናቴ» አለች።

ልጆች ሆነን ሆዳችን ሲታወክ ፌጦ ወቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ አፍንጫችንን ይዛ የምታስውጠን እሷ ነበረች። አሁን ተራው የኔ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ኮራሁም።

ከሥራ ስመለስ ጠርሙሱ ባዶ ነው። «ጎበዝ!» አልኳት። በማግሥቱም ሞላሁላት፤ በማግሥቱም ባዶ። ግን ዓይኗ እየጎደጎደ፣ ከንፈሯ እየደረቀ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ድንገት ብመጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ ውሃውን መታጠቢያው ላይ ስትደፋ አገኘኋት።

«ምነው እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቅዳሴ ሳይወጣ ልጠጣ?» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «ያስገድፋል እኮ ልጄ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እጠጣለሁ። የምደፋው አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

ለካ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ በጉሮሮዋ አይወርድም። ሆዷ ግን ቅዳሴ አይጠብቅ!

ደሜ ፈላ። «መድኃኒት ነው እያልኩሽ! አያስገድፍም!»

«ስኳር አለበት» አለች። «ከልጅነቴ ያልገደፍኩትን ዛሬ በስተርጅና?»

«ታዲያ በጾም መዋሸቱስ አያስገድፍም?» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው! ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ነጠላውን ገለጥ ሳደርግ ጉንጯ ደረቅ ነው። ታለቅሳለች፣ እንባ የላትም። ያኔ እልኸኛ ናት አልኩ እንጂ ሰውነቷ ውስጥ ውሃ እያለቀ መሆኑን አላሰብኩም።

የንስሐ አባቷ ወገራ ናቸው፤ ቁጥራቸው ስልኬ ላይ አለ። ደውዬ «አባ፣ ይፍቷት» ብል ይበቃ ነበር። ግን ለሆድ ነገር ቄስ አላስፈቅድም አልኩ፤ የተማርኩ ነኛ! ያን ከሰዓት አኩርፌያት ዋልኩ። የደወልኩት በማግሥቱ ጠዋት፣ ከአልጋዋ መነሳት ሲያቅታት ነው።

«ምነው ልጄ» አሉኝ፤ «ለታመመ ሰው ጾሙ መች ታዘዘ? በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጆሮዋ ሥር ያዝኩላት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ጠጪ» አሏት።

ወዲያው አፏን ከፈተች። አንድ ቃል አልተከራከረችም። በማንኪያ በሰጠኋት ቁጥር ዋጠች፣ ዋጠች፣ ዋጠች። ግማሽ ብርጭቆ እንኳ ሳትጨርስ ሁሉንም አስመለሳት። ባጃጅ ጠርቼ፣ ከጎረቤቴ ጋር ደግፈናት ሆስፒታል አደረስናት። ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል አሉኝ።

ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሲሰኩላት ዓይኗን ገለጠች። «ይኼስ?» አለችኝ።

«ለሱም ፈተውሻል» አልኳት። ስለ ግሉኮስ አባን አልጠየቅኳቸውም። እሷ ግን አመነችኝና ክንዷን ዘረጋች። በማግሥቱ አረፈች።

ለቅሶው ላይ የመጣ ሰው ሁሉ እጄን እየያዘ «ታድላ! በፍልሰታ፣ በጾም፣ እንደ ተመኘችው» ይለኛል። ሊያጽናኑኝ ነው፤ አውቃለሁ። አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ምን ልበላቸው? እናቴ የሞተችው ውሃ ጠምቷት ነው፤ እኔ አንድ ቄስ መጠየቅ ንቄ።